ከሰገሌ በኋላ ያሉት ዓመታት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሰገሌ ጦርነት የሚጻፈው ትረካ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በሸዋ ጦር ተሸንፈው በተማረኩበት ሜዳ ላይ ይቆማል። የአፄ ምኒልክ ወራሽ ሆነው ዘውድ ሳይጭኑ የተሻሩት ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ግን መጀመሪያ ወደ አፋር በረሃ ሸሽተው፣ ቀጥሎ መቅደላ አምባ ላይ ተከበው፣ ከዚያም አምልጠው ዳግም ወደ አፋር በመመለስ፣ በ1913 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ተይዘው ወደ ፍቼ ግዞት እስኪወሰዱ ድረስ ተሰውረው መቆየታቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ ታሪክ አይደለም። በዚያ በረሃ ያን ያህል ዘመን መሰወር የሚቻለው የውሃውን ስፍራ የሚያውቅ፣ ስንቅ የሚያቀብልና ምስጢር የሚጠብቅ ሕዝብ ሲገኝ ብቻ ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ስም ግን በታሪካችን እምብዛም አይነሳም። ዝግጅት ክፍሉ የአፋር አዛውንት ከአባቶቻቸው የሰሙትን ጠይቆ እንዲያትም በአክብሮት አሳስባለሁ።