የቤርሳቤህ ፈረሰኞች አይረሱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቤርሳቤህ ባወጣችሁት ጽሑፍ የአብርሃም ጉድጓድ ተነሥቶ የአውስትራሊያ ፈረሰኞች መዘለላቸው ቅር አሰኝቶኛል። ነዋሪነቴ እዚሁ ነው፤ የልጅ ልጆቼን ይዤ መታሰቢያ ፓርካቸው እሄዳለሁ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1917 ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የ4ኛውና የ12ኛው ቀላል ፈረሰኛ ሬጅመንት 800 ያህል ሰዎች የኦቶማንን ምሽግ በግልቢያ ሰበሩ። ጎራዴ አልነበራቸውም፤ ሳንጃ በእጃቸው ጨብጠው ነው የገቡት። 31 ሞቱ። ብዙዎቹ ፈረሶች ውኃ ከቀመሱ ከአንድ ቀን በላይ አልፏቸው ስለነበር፣ የከተማዋ ጉድጓዶች ሳይጨልም መያዝ ነበረባቸው።

ሬጅመንቶቹ በ1919 ተበተኑ። ስማቸው በ1921 ለሚሊሺያ ተላለፈ፤ ከሥራቸው በሚተርፋቸው ጊዜ የሚሠለጥኑ ፈረሰኞች ያዙት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሞተር ፈረሱን ተካው፤ የሚሊሺያው ወግ ግን ዛሬም በአውስትራሊያ ተጠባባቂ ጦር ቀጥሏል።

ጎንደር ፈረስ ውኃ እያጠጣሁ ያደግሁ ነኝና አንጀቴን የሚበላኝ ግን የእንስሶቹ ነገር ነው። ያን በረሃ ያቋረጡት ፈረሶች በበሽታ ቁጥጥር ምክንያት አገራቸው አልተመለሱም። ያረጁት በጥይት ተገደሉ፤ ሌሎቹ ለሌላ ጦር ተሰጡ ወይም ተሸጡ። እባካችሁ ይህንንም ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከቤርሳቤህ