ዓይን ለሆናችሁኝ ሁሉ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ እኔ በደረቴ ተደፍቼ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የውጭና የቢዝነስ ዜና ሠርቼ፣ ያ ቀን ሲመጣ የሚታየኝ የትራስ ጨርቅ ብቻ!

የቀኝ ዓይኔ ሬቲና፣ ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ከቦታው ለቆ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ «ድካም ነው» ብሎ ጠብታ ሰጥቶ ሸኘኝ። በሦስተኛው ቀን ከጎን ጥቁር መጋረጃ ወረደብኝ። በሌላ ቦታ ቀዶ ሕክምና ያደረገችልኝ ሐኪም ዓይኔ ውስጥ ጋዝ ሞልታ «ቀና እንዳይሉ» አለችኝ። አውሮፕላንም ከለከለችኝ፤ ጋዙ ከፍታ ላይ ይለጠጣል። የናይሮቢ ትኬቴ በዚያው ቀረ። ዶክተር፣ እጅሽ ይባረክ።

ያን ሰኞ ልጄ መግለጫውን አነበበችልኝ። የ38 ዓይነት ዕቃዎች የማስገባት እገዳ መነሣቱ ላይ ስትደርስ «ድገሚው» አልኳት። ባልደረባዬ ደግሞ በስልክ «ጋሼ፣ ንግድ ባንክ ዶላሩን 74.73 አስገባው!» አለኝ። ዓርብ ዕለት 57 ብር ገደማ ነበር። እኔ ተናገርኩ፣ እሷ ጻፈች፣ እሱ አረመ። ጽሑፉ በእኔ ስም ብቻ ወጣ። የሦስታችንም ስም መኖር ነበረበት፤ ይቅር በሉኝ።

ቡና ላኪው ወዳጄን ሳላነሣ አላልፍም። ድሮ «ቡና በኪሳራ የሚሸጥ ሰው ምን ነክቶት ነው?» ብዬ ጽፌ ነበር። ተናዶ ቢሮ ድረስ መጣ። ላኪው በቡናው ይከስራል፣ ባገኘው ዶላር ዕቃ አስገብቶ ያካክሳል፤ ይህን ወረቀት ላይ እየሠራ አስረዳኝ። ስለ ውጭ ምንዛሪ የማውቀው አብዛኛው ነገር ከዚያ ከሰዓት የመጣ ነው። አሁን ደግሞ የሕክምናውን ግማሽ ማን እንደከፈለ የሰማሁት ከባለቤቴ ነው። አንተ አትነግረኝም ነበር።

የቀድሞ አለቃዬ በየረቡዑ እየመጡ ጋዜጣ ያነቡልኝ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ አልጀርስ ላይ ሲፈራረሙ የተረጎምኩትን ዜና አራት ጊዜ የመለሱብኝ እርሳቸው ናቸው። ዛሬም እያነበቡ ያርማሉ። የዩሮቦንድ፣ ማለትም መንግሥት ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተበደረበት ሰነድ፣ ዜና ላይ ሲደርሱ «ወለዱ 33 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ 1 ቢሊዮኑ ዋናው ብድር ነው፤ ምን ያምታታቸዋል!» ብለው ጋዜጣውን በእጃቸው መቱት። እኔ ትራሱ ውስጥ ሳቅኩ። ሳቅም ተከልክያለሁ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ገንዘብ አዋጥታችሁ ስማችሁን ላልነገራችሁኝ አንባቢዎች፣ ሾርባ እየያዛችሁ ለመጣችሁ ጎረቤቶች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ የምለውን ቤት ውስጥ እላለሁ።

አሁን ራሴ ማንበብ ችያለሁ። ቀጥ ያለ መስመር ትንሽ ይጣመምብኛል። የምንዛሪ ግራፍ ለማየት ግን አያስቸግርም፣ እሱም ቀጥ ብሎ አያውቅም። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ላይ ነኝ። ስልክ ሳላነሣላችሁ የቀረሁ፣ እንደገና ደውሉ።