20 ነው ወይስ 50?

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

የሒሳብ መምህር ነኝ። ጋዜጣችሁ ላይ የሚወጡትን ግራፎች እየቆረጥኩ ለተማሪዎቼ መለማመጃ አደርጋቸዋለሁ። ሰሞኑን ያወጣችሁት የኃይል ምንጮች ግራፍ ግን ክፍሉን ለሁለት ከፈለው። ኤሪያ ቻርት የሚባለው፣ ከመስመሩ በታች ያለው ቦታ ቀለም የሚቀባበት ዓይነት ነው፤ ውኃ ሰማያዊ፣ ንፋስ አረንጓዴ፣ ፀሐይ ቢጫ። በመጨረሻው ዓመት የቢጫው የታች ጠርዝ 30 ላይ፣ የላይኛው 50 ላይ ነበር። «ከፀሐይ የተገኘው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ግማሾቹ 50 አሉ፤ ግማሾቹ 20።

ሁለቱም ወገኖች ያነበቡት በጥንቃቄ ነው። ቢጫው የተቀመጠው በአረንጓዴው ጫፍ ላይ ከሆነ መልሱ 20 ነው። ሦስቱም ከዜሮ ተነስተው ከፊትና ከኋላ የቆሙ ከሆነ ግን ቢጫው 50 ነው፤ ታችኛው ክፍሉ የማይታየው ከፊቱ ያሉት ስለሸፈኑት ነው። ሥዕሉ በሁለቱም መንገድ ያው ነው። የትኛው እንደሆነ የምትናገር አንዲት መስመር ግን ከግራፉ ሥር አጣን።

እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክሪሚያ ጦርነት ያለቁትን የእንግሊዝ ወታደሮች ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተመችው ክብ ሥዕል ላይ በሽታን በሰማያዊ፣ ቁስልን በቀይ፣ ሌላውን ምክንያት በጥቁር ቀብታለች። ቀለሞቹ ይደራረባሉ። ስለዚህም እያንዳንዱ ስፋት የሚለካው ከመካከለኛው ነጥብ እንደሆነ እዚያው ጻፈች፤ በጥቅምት 1854 እና በሚያዝያ 1855 ጥቁሩ ከቀዩ ጋር መግጠሙን እንኳ ሳትናገር አላለፈችም። ለአንባቢ መጨነቅ እንዲህ ነው።

ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም መቀባት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ለሁለት ንብርብር ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን ቀዩ ሰማያዊው ላይ ሲያርፍ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ አንባቢው ወይን ጠጁን ከመፍቻው፣ ማለትም የትኛው ቀለም ምን እንደሆነ ከሚነግረው ዝርዝር ላይ ቢፈልገው አያገኘውም። ሦስት ንብርብሮች ሲደራረቡ እስከ 7፣ አራት ሲሆኑ እስከ 15 የተለያዩ ቀለሞች ይወጣሉ።

ከዚህም የባሰብኝ እዚያው ገጽ ላይ ያለው ሁለተኛው ግራፍ ነው። ውኃ ስላልተካተተ ሰማያዊው ለንፋስ ተሰጠ! ምክንያቱን እገምታለሁ፤ ብዙዎቹ የግራፍ መሥሪያ ፕሮግራሞች ቀለም የሚያድሉት በስም ሳይሆን በተራ ነው፤ የመጀመሪያው ሲወጣ ሁለተኛው የእሱን ቀለም ይወርሳል። አንባቢ ግን ሰማያዊ ውኃ መሆኑን ከላይ ተምሮ ነው ወደ ታች የወረደው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ መፍቻውን ዳግመኛ ሳያዩ የንፋሱን የውኃ ብለው መለሱ፤ እኔም ልቆጣቸው አልቻልኩም።

ስለዚህ አደራ የምለው፣ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ቀለም መድቡለትና በየግራፉ አትቀይሩበት። ስሙንም እዚያው ቀለሙ ላይ ጻፉት፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸገር ተማሪ አለኝ፣ መፍቻ ብቻውን ለእሱ ምንም አይፈታለትም። መሸፋፈን የማይቀር ሲሆን ደግሞ ቀለሙን ትታችሁ መስመሩን ብቻ አሳዩን፤ ወይም በአንድ ልኬት የተሠሩ ትንንሽ ግራፎች ጎን ለጎን ይውጡ።

የዚያን ግራፍ መልስም በሚቀጥለው እትም ብትነግሩን፤ ተማሪዎቼ እስካሁን እየተከራከሩበት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ