«አንዲት የሙዚየም ሠራተኛ» ስም አላቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ባሕር ዓሣ ተመራማሪው ጄ.ኤል.ቢ. ስሚዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ቀጥሎ ተናድጄ። ከተጫዋቾች ዝውውር ተርፎ ለዓሣ ሳይንቲስት ሙሉ ገጽ መገኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርሱ «ስሚዝ በ1938 ሲላካንትን አገኙ» ብላችሁ (ሲላካንት ከምድር ጠፍቷል ይባል የነበረ ጥንታዊ ዓሣ ነው)፣ «አንዲት የሙዚየም ሠራተኛም ደብዳቤ ጽፋላቸው ነበር» ስትሉ አከላችሁ። እሳቸው አንቱ፣ እሷ አንዲት።

አንዲቷ ማርጆሪ ኮርትኔይ-ላቲመር ይባላሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የኢስት ለንደን ሙዚየም ኃላፊ ነበሩ፣ የ31 ዓመት ሴት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1938 የካፒቴን ሄንድሪክ ጎሰን መርከብ ወደብ መግባቷን ሰምተው ሄዱ። ለመርከበኞቹ መልካም ገና ብለው ሊመለሱ ሲሉ ከተከመረው ዓሣ ሥር አንድ ሰማያዊ ክንፍ ብቅ ብሎ አዩ። አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ 57 ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ነው። የታክሲ ሾፌሩ «ይሄንን ግማታም አልጭንም» አለ፤ ተለምኖ ጫነ። ሬሳ ቤቱም ማቀዝቀዣ ቤቱም አንቀበልም አሉ። የሙዚየሙ ቦርድ ሰብሳቢ ተራ ዓሣ ነው ብለው አጣጣሉባቸው። ሴትዮዋ ግን እንቢ አሉ። ዓሣው እንዳይበሰብስ ባለቻቸው ጥቂት ፎርማሊን ጨርቅና ጋዜጣ ነክረው ጠቀለሉት (በጋዜጣ! ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጋዜጣ ለሲላካንት እንዲህ አልጠቀመም)፣ ሥዕሉን በእጃቸው ነድፈው ለስሚዝ ላኩ።

ስሚዝስ? «ፕሮፌሰር» ብላችሁ የጻፋችሁላቸው ሰው ያኔ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ ዓሣ የትርፍ ጊዜ ፍቅራቸው ነው። ለበዓሉ ክኒስና ወደምትባል ከተማ ሄደው ስለነበር ደብዳቤው የደረሳቸው በጃንዋሪ 3 ነው። አጥንቱንና ስንጥቡን አቆዩልኝ ብለው ቴሌግራም ላኩ፤ ሆድቃው ግን በሙቀቱ ተበላሽቶ ተጥሏል። ዓሣውን በዓይናቸው ያዩት ፌብሩዋሪ 16 ቀን ነው። ከ56 ቀን በኋላ ያዩትን «አገኙ»!

ስሚዝን ማሳነሴ አይደለም። ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ጠፍቷል የተባለውን ፍጥረት ከንድፍ አይቶ ለመለየት ደፋር ሰው ያስፈልጋል፤ ሌላው ቢሆን መሳቂያ እንዳልሆን ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከተው ነበር። እንዲያውም ምስጋናውን ያልነፈጉት እሳቸው ናቸው። ዓሣውን ላቲመሪያ ቻሉምኔ ብለው ሰየሙት፤ ላቲመሪያ ከሴትዮዋ ስም፣ ቻሉምኔ ከቻሉምና ወንዝ፣ ዓሣው ከተያዘበት አካባቢ። ይህንኑ ስም እናንተም በፎቶው ግርጌ አትማችኋል! ስማቸው ገጹ ላይ ተጽፎ ሳለ «አንዲት» ማለት እንዴት ያለ አንባቢነት ነው?

ሁለተኛው ሲላካንት ስለተገኘበት ስለ 1952ቱም (እ.ኤ.አ.) ያው ነው። ኮሞሮስ ላይ ሁለተኛውን በመንጠቆ ያወጣው አህመዲ አብደላ የሚባል ዓሣ አጥማጅ እንጂ ስሚዝ አይደሉም። የደሴቶቹ ሰዎች ጎምቤሳ ብለው ሲያውቁት የኖሩ ዓሣ ነው። ስሚዝ የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ማላን በፈቀዱላቸው ወታደራዊ አውሮፕላን ሄደው ወሰዱትና፣ የመጀመሪያው የጀርባ ክንፍ ስለሌለው አዲስ ወገን መስሏቸው «ማላኒያ» አሉት። ለአውሮፕላኑ ሰው ስም፣ ለመንጠቆው ሰው 100 ፓውንድ። በኋላ ክንፉ በጉዳት የጠፋ መሆኑ ታወቀና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከዓሣው ላይ ወረዱ፤ ላቲመር ቀሩ።

ለምን ይሄን ያህል ተንገበገብክ ትሉ ይሆናል። አሥራ ሰባት ዓመት ናሙና አዘጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ዓሣ እለካለሁ፣ ከጆሮው ውስጥ ድንጋዩን አውጥቼ ቀለበቱን በማይክሮስኮፕ እየቆጠርኩ ዕድሜውን እመዘግባለሁ፣ ብልቃጡ ውስጥ የሚገባውን ወረቀት በእርሳስ እጽፋለሁ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮሉ ውስጥ ይሟሟል። ከዚህ ሥራ አንድ ጥናት ወጣ። ሠንጠረዦቹ በሙሉ የእኔ ልኬቶች ናቸው። መጨረሻው ላይ «የቴክኒክ ድጋፍ ላደረጉ ሁሉ» ይላል። «ሁሉ» እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነበረም።

እና ጽሑፋችሁ «የስሚዝ ሥራ» ብሎ ያወደሰው ታላቁ የ1949 መጽሐፍ ሥዕሎችስ? ብዙዎቹን የሣሉት ባለቤታቸው ማርጋሬት ስሚዝ ናቸው፤ ኋላም በባላቸው ስም የተቋቋመውን የዓሣ ምርምር ተቋም በዳይሬክተርነት የመሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸውንማ «አንዲት» እንኳ አላላችኋቸውም።

ለማረሚያው አንድ መስመር ይበቃል፦ ዓሣውን ያገኙት ማርጆሪ ኮርትኔይ-ላቲመር፣ ምንነቱን የለዩት ጄ.ኤል.ቢ. ስሚዝ። ስትጽፉት በኮርትኔይና በላቲመር መካከል ያለችውን ጭረት አትርሱ።

«ሁሉ» ነኝ፣
ናሙና አዘጋጅ