የአንገት ኦፕራሲዮን በፊልም ብቻ አይወሰን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ አንገት ሕመም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ኤም አር አይ ችግሩን ያሳያል፣ ሐኪሙም እሱን አይቶ ይቀድዳል ብላችሁ ነው ያለፋችሁት። ነገሩ እንዲህ ቢቀልማ እኔም ሥራ በፈታሁ ነበር።

ሜክሲኮ አካባቢ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ከሰንጋ ተራና ከለገሃር ቢሮዎች የሚመጡት ታካሚዎቼ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጡ ናቸው። ትልቁን የፊልም ፖስታ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይገባሉ። ሰላምታ ሳንጨርስ «ዲስኬ ተንሸራቷል፤ መፍትሔው ኦፕራሲዮን ነው ተባልኩ» ይሉኛል። ዲስክ የሚሉት በአንገት አጥንቶች መካከል ያለውን ለስላሳ ትራስ ነው። አንዳንዶቹን አንገታቸውን ገና ማንም በእጁ አልነካውም።

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የጃፓን ጥናት አለ። ምንም የማያማቸው 1,211 ሰዎች አንገታቸውን ኤም አር አይ ተነሱ። 87.6 ከመቶው ዲስካቸው ወጣ ብሎ ተገኘ። በሃያዎቹ ዕድሜ ካሉት እንኳ አብዛኞቹ ነበረባቸው። እንግዲህ ፊልሙ ላይ የታየ ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ብሎ መደምደም እንዴት ይቻላል?

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ሪፖርቷን ይዛ መጣች። ሲ5 እና ሲ6 በሚባሉት፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው የአንገት አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ነርቭ ነክቷል ይላል። እዚያ ያለው ነርቭ ሲነካ በአብዛኛው የሚደነዝዘው አውራ ጣት ነው። እሷን የሚደነዝዛት ግን ትንሿ ጣቷ። ክርኗን አጥፋ እንድትቆይ ነገርኳት። ብዙም ሳትቆይ «መጣ፣ መጣ!» አለች። በኋላ የተደረገላት የነርቭ ምርመራም ነርቩ የተያዘው ክርኗ ላይ መሆኑን አሳየ። አንገቷ ቢቀደድ ኖሮ ጣቷ ያው መደንዘዙን ይቀጥል ነበር።

ኤም አር አይን እያጣጣልኩ እንዳይመስላችሁ። ፊልሙና የታካሚው ምልክት ከገጠሙ ቀዶ ሐኪሙ ያለ እሱ አይንቀሳቀስም። የቱ ነርቭ እንደተጫነ፣ በአንገት ፊት ለፊት ይግባ ወይስ ከኋላ በኩል የሚወስነው በእሱ ነው። ነርቩን የተጫነው አጥንት ከሆነ ሲቲ ስካን ይጨመራል። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥም በራጅ አጥንቱን ቆጥሮ ያረጋግጣል። ሰባቱ የአንገት አጥንቶች ከውስጥ ሲታዩ በቀላሉ ያሳስታሉ።

ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው፣ እግሩ የሚተሳሰርበት ወይም ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ኤም አር አይ ይነሳ። በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው ዋናው የነርቭ ገመድ፣ ህብለ ሰረሰሩ፣ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል እንደዚያው። እባካችሁ እነዚህን ሰዎች ወጌሻ ጋ አትውሰዱ!

ክንድ ላይ የሚወርድ ሕመምም ቢሆን የጡንቻ መዛል ካላመጣ ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ቢላ ይሻላል። ክንድ ላይ ምንም ሳይኖር አንገት ብቻ ለሚያመው ደግሞ የቀዶ ጥገናው ጥቅም አጠራጣሪ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ የምርመራ ማዘዣው ነው። ብዙ ጊዜ «የአንገት ሕመም» ተብሎ ብቻ ይጻፋል። ፊልሙን የሚያነበው ባለሙያ የቱ እጅ፣ የቱ ጣት እንደሆነ በምን ይወቅ? ያየውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ታካሚው ደግሞ ዝርዝሩን አንብቦ ይደነግጣል።

በሚቀጥለው እትማችሁ አንድ የራዲዮሎጂ ሐኪምና አንድ የነርቭ ቀዶ ሐኪም አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ጠይቁልን። ከማዘዣው ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ፊዚዮቴራፒስት፣ ከሜክሲኮ፣ አዲስ አበባ