የቅድመ አያቴ ስም ሙሴ አልነበረም

ሰላም አዘጋጆች እንደምን ከረማችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ጎጃም ውስጥ ስለፈረንሳይ ሲነሳ ሁሌ የሚወራው ያው ፈረንሳዊው ተጓዥ አርኖ ዳባዲ ነው፣ ደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ኖሮ ራስ ሚካኤል የተባለው፣ ወንድሙ አንትዋን ደሞ የሰበሰባቸው ብራናዎች ዛሬ ፓሪስ ናቸው። ጥሩ። የኔ ፈረንሳዊ ቅድመ አያት ግን ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ነው።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የገባው በፈረንጆቹ 1902 አዲስ አበባ ደሞ 1917 አይደል፣ እሱ ከዛ በኋላ መጥቶ ድሬዳዋ ወርክሾፕ ሲሰራ አያቴን ከሀገሬው ሴት ወለደ፣ እሷ አድጋ የቡሬ ነጋዴ አግብታ እኛ ጋ መጣች።

እማምዬ (አያቴን ነው) ፈረንሳይኛ ትችል ነበር አልልም። ግን ቡና በሲኒ አትጠጣም፣ በጎድጓዳ ሳህን ወተት ጨምራበት ዳቦ እየነከረች ነው፣ ጎረቤቶች «ኧረ ይቺ ሴትዮ ቡናውን ፍትፍት አደረገችው» እያሉ ይስቁባት ነበር። እኛን ስታስተኛ «በሉ ዶዶ» ትላለች። እኔ የጎጃም ቃል መስሎኝ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ «በቃ ዶዶ ልበል» ብዬ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ፣ አንዱ ፈረንሳይኛ የተማረ ልጅ ነው እዛም ህጻን ሲያስተኙ እንደዛ እንደሚሉ የነገረኝ።

አባቷን ስትጠራ «አባዬ ሙሴ» ነበር የምትለው። ቤተሰቡ በሙሉ የነቢዩ ሙሴ ስም ነው ብሎ አመነ፣ ቄሱም ሙታን ሲያስቡ «ሙሴ» ብለው ነው የሚጠሩት (ነፍሱን ይማር ለማንም ይድረስ)። ሙሴ ማለት ግን ያኔ ፈረንጅ ሁሉ የሚጠራበት «ሙስዩ» ነው እኮ፣ ጌታው እንደማለት! ስለዚ ስሙን አናውቀውም ማለት ነው።

ስለሱ ወረቀት ልጠይቅ አንድ መስሪያ ቤት ሄጄ ፎርሙ ላይ ስሙን ሲሉኝ ዝም አልኩ፣ ሰውዬው ቀና ብሎ «ቪዛ ፈልገህ ነው አይደል?» አለኝ። ለሰው ሳወራም መልሱ ይሄው ነው። ኧረ ቪዛው ይቅር፣ ተዝካሩን እንኳ በስሙ ብናወጣለት ነው።

እና አንባቢ ውስጥ አያቱ ድሬዳዋ ወርክሾፕ የሰራ ካለ፣ ከጀርባው ስም የተጻፈበት አሮጌ ፎቶ ካለው በእናንተ በኩል ቢያሳየኝ። ሙሴ የሚል ከሆነ ግን እሱ አለኝ።