ቶማስ ማክ ጊላን ስናስታውስ

ክቡር አዘጋጅ፣

የአየርላንዱ ግራ ዘመም ሪፐብሊካን (ማለትም የተባበረች፣ ከብሪታንያ ነጻ የሆነች የአየርላንድ ሪፐብሊክ ደጋፊ) ቶማስ ማክ ጊላ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 በ86 ዓመታቸው ካረፉ ወዲህ፣ ስማቸው ሲነሣ የሚቀድመው እ.ኤ.አ. በ1993 የደብሊን ከንቲባ መሆናቸው ነው። ሹመቱ ይበልጡን የክብር በመሆኑ፣ ከታሪካቸው ትንሹ ክፍል ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1970 የአየርላንድ ሪፐብሊካኖች ፓርቲ የሆነው የሲን ፌን ጉባኤ በደብሊኑ ኢንተርኮንቲኔንታል ሆቴል ሲካሄድ የፓርቲው ፕሬዚዳንት እሳቸው ነበሩ። የተመረጡ አባላት ፓርላማ እንዳይገቡ የሚከለክለው ነባር አቋም ይሻር መባሉን የተቃወሙት ወገኖች አዳራሹን ጥለው ሲወጡ፣ ማክ ጊላ ከቀሩት ጋር ሆነው ድርጅቱን ወደ ሶሻሊዝም መሩት፤ እሱም በኋላ የሠራተኞች ፓርቲ ተባለ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን እ.ኤ.አ. የ1992ቱ መከፋፈል ነው። ከሰባቱ የፓርቲው የፓርላማ አባላት ስድስቱ ወጥተው ሌላ ፓርቲ ሲያቋቁሙ፣ እሳቸው ብቻቸውን ቀሩ፤ በዚያው ዓመት ምርጫም መቀመጫቸውን አጡ። ስድስቱ ከፓርቲው ጋር ግንኙነት አለው ይባል ስለ ነበረው የታጠቀ ክንፍ፣ ስለ ኦፊሻል አይአርኤ፣ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ እንደነበረ አምናለሁ። ይሁን እንጂ የማክ ጊላን መቅረት፣ አንዳንዶች እንደሚሉት፣ የሥልጣን ጥም ነው ለማለት አያስደፍርም፤ የቀሩበት ቤት ሥልጣን አልነበረበትምና።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢዎ